ወደ ውጭ የታጠፈ ቅጠል

የዚያን ቀን ፀሐይም ዝናብም አብረው መጡ። ከወንዙ ማዶ ሰማዩ ጠቁሯል፤ በባቡር ጣቢያው በኩል ፀሐይዋ ቦግ ብላለች፤ በመሐል ካፊያው እንደሚነፋ ዱቄት ይወርዳል። እንዲህ ሲሆን ቀበሮ ትዳራለች ይባላል። ልጆች ያጨበጭባሉ፣ ልብስ ያሰጡ ሴቶች ይራገማሉ። እኔ በቻንድሪካ ምግብ ቤት በር ላይ ቆሜ ልጄን ሽሪጃን የሚያመጣውን ባጃጅ እጠብቅ ነበር። ሽሪጃ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚያ በፊት የፀነሰቻቸው ሁለቱ አልቆዩላትም። በዚያ የኦናም በዓል ከአማልክቱ የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ልጄ ገብታ፣ በልታ፣ እስክትወጣ ድረስ የእትዬ ሳራሳማ ዓይን ሌላ ቦታ ይሁንልኝ።

ጨው የሌለው ድግስ አይቻለሁ። ሙሽራው የቀረበት ሠርግም አይቻለሁ። ሟርተኛ የሌለበት ድግስ ግን በዚህ ዓለም ላይ የለም። አዲስ ቤት ሲመረቅ ጣሪያውን ቀና ብሎ እያየ ራሱን የሚነቀንቅ፣ ለሕፃን ስም ሲወጣ «ጆሮው አነሰብኝ» የሚል፣ መንገደኛ ሻንጣውን አንስቶ ሊወጣ ሲል የሚያስነጥስ ሰው በየሰፈሩ አለ። ከተማችን ሾራኑር ከየአቅጣጫው የሚመጣ ባቡር የሚገናኝባት ስለሆነች ሌላው ነገር ሁሉ በገፍ ይደርሳታል። ሟርተኛ ግን አንድ ብቻ ደረሳት። አንዷም በቃቻት።

ክብርት እትዬ ሳራሳማ፣ የክፉ ወሬ ሊቀ መንበር፣ የነገው ሐዘን የዛሬ እንደራሴ፣ ከባቡሩ ግቢ ጀርባ ባለች ትንሽ ቤት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው። ጠርዙ በወርቅ ክር የተሠራ ነጭ ልብስ፣ ጥቁር ዣንጥላ፣ በክር የታሰረ መነጽር። የሌላ ሰው ከንፈር የነካው ብርጭቆ አይነኩም፤ ለውኃ የራሳቸውን የናስ ኩባያ በቦርሳ ይዘው ይዞራሉ፤ ያንንም ራሳቸው ያጥቡታል። ምላሳቸው ጥቁር ነው፣ የተናገሩት ይደርሳል ይባላል። የሰፈሩ ልጆች ሲያዛጉ ለማየት አጥር ሥር ይደበቁ ነበር። እኔ አይቼዋለሁ። እንደማንም ምላስ ቀይ ነው።

የእኔ ሥራ ቅጠል ማንሳት ነው። አባቴ ሲሞት ከአምስተኛ ክፍል አቋርጬ መጀመሪያ ሰው ቤት ገባሁ፤ ከዚያ ቻንድሪካ ተቀጠርኩ፤ እዚያው ቀረሁ። በአዘቦት ቀን እንግዳ በሳህን ይበላል። የበዓል ምሳ ግን በሙዝ ቅጠል ነው። ድሮ ኦናምን ሁሉም በየቤቱ ነበር የሚያከብረው። አሁን ሴቶቹ ሥራ ይውላሉ፣ ወንዶቹ ዱባይ ናቸው፤ ስለዚህ ግማሹ ከተማ የመኸሩን በዓል ምሳ እኛ ዘንድ ይበላል። አንዱ ዙር ሲበላ ሌላው ዙር ከየወንበሩ ጀርባ ቆሞ የበይውን ጉርሻ ይቆጥራል። ሴቱ የሚባለው የምግብ ቤቱ ባለቤት «ቀስ በሉ፣ ለሁሉም ይደርሳል» እያለ በአዳራሹ ይሮጣል። እኔ ቅርጫቴን ይዤ እከተላለሁ።

ሕጉን እዚህ የማያውቅ የለም። በልተህ ስትጨርስ ቅጠልህን ለሁለት ታጥፋለህ። ድግሱ የደስታ ከሆነ የላይኛውን ግማሽ ወደ ራስህ ታመጣዋለህ። ድግሱ የሙት ከሆነ የታችኛውን ግማሽ ከራስህ አርቀህ ወደ ውጭ ታጥፈዋለህ። ወደ ራሱ ያጠፈ «ይድገመን» ማለቱ ነው። ወደ ውጭ ያጠፈ «እንዲህ ያለውን አይድገመን» ማለቱ ነው። በደስታ ቀን ወደ ውጭ ያጠፈ ሰው ምን እንዳለ የሚያውቁት እትዬ ሳራሳማ ብቻ ናቸው።

በየበዓሉ በር ሳይከፈት ይደርሳሉ። በመጀመሪያው ዙር ይበላሉ። ወንበራቸው ከእጅ መታጠቢያው አጠገብ ያለችው የጥግ ወንበር ናት፤ ከዚያ ሆነው ሁሉንም ቅጠል ያያሉ። ሴቱ በየዓመቱ «ዘንድሮ አላስገባቸውም! ገበያዬን ገደሉት!» ብሎ ይምላል። ጥቁሩ ዣንጥላ በመንገዱ ጫፍ ብቅ ሲል ግን ሮጦ ይቀበላቸዋል።

«ይግቡ እማማ፣ ይግቡ። ቦታዎ ይጠብቅዎታል።»

«ሴቱ፣ ያሰብከውን አውቃለሁ» ይሉታል። «አስብበት።»

አንድ ዓመት ሴቱ በሩን በኮኮናት ዘንባባና በአበባ ቅስት አሳመረው። እማማ ቆመው አዩት። «ይሄ በር ነው ወይስ ቃሬዛ?» አሉ። እንግዶቹ ሳይመጡ ቅስቱ ወርዶ ከብት በላው።

ትንቢታቸውን የሚዘጉት ሁሌም በአንድ ቃል ነው፦ «ያዙልኝ!» ሰው ከተቆጣ ደግሞ መነጽራቸውን ያወልቁና «እኔ ምን አደረግሁ? ዓይን ነው ያለኝ» ይላሉ።

አንድ የአውቶቡስ ቲኬት ቆራጭ ቅጠሉን ወደ ውጭ አጠፈ። ያዙልኝ ተባለ። ዓመቱን ሙሉ ምንም አልሆነም። በሚቀጥለው ኦናም ደረቱን ነፍቶ መጣ።

«እማማ! ይኸው አለሁ! የታል ሞቴ?»

«እስቲ ሳቅ» አሉት።

ሳቀ። የፊት ጥርሱ የለም።

«በጥርስህ አለፈልህ። ሂድና አመስግን።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ቅርጫቴን አስቀምጬ ሳቅሁ። በእርግጥ የሚያስቁ ነበሩ። ላም የሞተበት፣ ጸጉሩ የረገፈ፣ ልጁ ፈተና የወደቀ፣ ሁሉም በሳቸው መዝገብ «ደረሰ» ነው። እንዲህ ከተቆጠረ ማን ይሳሳታል?

ግን ሳቅ የማይመጣበትም ጊዜ ነበር። አንድ ወጣት የባንክ ሠራተኛ ከሰሜን ተዛውሮ መጣ። ሕጋችንን አያውቅም። ቅጠሉን ወደ ውጭ አጥፎ ከንፈሩን እየጠረገ ሲነሳ፦

«ልጄ፣ ማን ሞቶብህ ነው?» አሉት ከጥጋቸው።

«ኧረ ማንም እማማ። ሁሉም ደህና ናቸው።»

«እሺ። ያዙልኝ።»

የክረምቱ ዝናብ ሳያባራ አባቱ ሞተ። ልጁ ከቀብር ተመልሶ፣ ራሱን ተላጭቶ፣ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ገባ። ሊጣላቸው ነው ብለን ሁላችንም ቆምን። ፊታቸው ቆመና በቀስታ ጠየቀ።

«እናቴስ፣ እማማ?»

እትዬ ሳራሳማ ምግባቸውን ተዉት። «እናትህ ጋ ደውል» አሉት። «ሁሌ ደውል።» ከዚያ ወዲያ ያ ልጅ እኛ ዘንድ አልበላም። ሲያልፍ ግን መንገዱን አይቀይርም፤ በራችን ላይ ቆም ብሎ ጥጓን ያይና ይሄዳል።

ጡረታ የወጡት ርዕሰ መምህርም ነበሩ። እኚህ ሰው ገና ሳይቀምሱ «ጨው!» የሚሉ ሰው ናቸው። በአንድ የበዓል ምሳ እስከ መጨረሻው በሉ፤ ቅጠላቸውን እንደ ደብተር ወረቀት አስተካክለው ወደ ራሳቸው አጠፉ። ሊነሱ ሲሉ ግድግዳው ላይ የነበረች እንሽላሊት ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አለች፤ ይህ በእኛ ዘንድ ምልክት ነው። እትዬ ሳራሳማ ወደ ላይ አዩ፤ ከዚያ ወደ እሳቸው።

«መምህር፣ ዛሬ ጨው አልጠየቁም።»

«እውነትም!» ብለው ሳቁ መምህሩ። «ረሳሁት።»

እትዬ ሳራሳማ ያን ጊዜ ያዙልኝ አላሉም። ተነስተው እስከ በር ሸኟቸው፤ የራሳቸውን ዣንጥላ ሰጧቸው። በዚያው ሳምንት መምህሩ በእንቅልፋቸው ሞቱ። ዣንጥላው አልጋቸው ራስጌ ተገኘ፤ ልጃቸው መልሶ አመጣው።

ከዚያ በኋላ ነው የወጥ ቤት አለቃችን አፑ ኮኮናት እየፋቀ የእትዬ ሳራሳማን ነገር ያወራኝ። አፑ ከሁላችንም በፊት እዚህ የነበረ ሰው ነው።

«አንቺ ባሏን አታውቂውም» አለኝ። «የባቡር ሐዲድ መቀየሪያው ላይ ነበር የሚሠራው። እንዴት ያለ ቀልደኛ! ተጋብተው በመጀመሪያው ኦናም እናቷ ቤት ተሰብስበን ስንበላ፣ አማቱን ሊያናድድ ብሎ ቅጠሉን ወደ ውጭ አጠፈው። አማቲቱ ጮኸች። እኛ ሳቅን።»

«እሷስ?»

«ሳራሳማ? ከሁላችን በላይ የሳቀችው እሷ ናት። እንባዋ እስኪፈስ ነው የሳቀችው።» አፑ የኮኮናቱን ግማሽ አስቀመጠ። «የመብራት በዓል ሳይደርስ ፉርጎ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ቅጠል ነው የምትጠብቀው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጠላቸው አልቻልኩም። መፍራቱን ግን አልተውኩም።

ወደዚያ ፀሐይና ዝናብ ወደተገናኙበት ቀን ልመለስ። ሽሪጃ የምትኖርበት የባሏ ቤት ያኔ ሐዘን ላይ ነበር። የባሏ አያት ከሞቱ ገና ሁለት ሳምንት ሆኗል፤ የሙታን ምሳውም በቅርቡ ተበልቷል። ሐዘን ያለበት ቤት ዓመቱን ኦናም አያከብርም። አበባ አይነጠፍም፣ ጣፋጭ አይሠራም። ልጄ ደግሞ ፓያሳም፣ ያን የወተትና የሩዝ ጣፋጭ፣ ከእርግዝናዋ ጀምሮ በሕልሟ ታየዋለች።

«እማ፣ ምግብ ቤት እኮ ቤት አይደለም» አለችኝ በስልክ። «እዚያ ብበላ በዓል አከበርሽ አልባልም። ደሞ አንቺ በየኦናሙ የሰው ቅጠል ስታነሺ ነው ያደግሁት። ዘንድሮ የእኔንም ታነሺያለሽ።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ ይሉኛል። እስቲ እናንተ ሁለት ልጅ የጨነገፈባትን ነፍሰ ጡር ፓያሳም ከልክሏት።

በሁለተኛው ዙር አስገባኋት። ከምሰሶው ጀርባ፣ ጀርባዋን ለጥጓ ሰጥታ እንድትቀመጥ አደረግሁ። እትዬ ሳራሳማ በመጀመሪያው ዙር በልተው ሲጨርሱ ሁሌ ይሄዳሉ። ያን ቀን አልሄዱም። ኩባያቸውን አጥበው፣ ቦርሳቸው ውስጥ ከተው፣ ተመልሰው ተቀመጡ። ቅርጫቴን ታቅፌ ተጠጋኋቸው።

«እትዬ፣ ዝናቡ ሳይጠና ቢሄዱ አይሻልም?»

«ዝናቡን ተይው፣ ሊላ። ልጅሽ መጥታለች አይደል?»

«ማን ነገረዎት?»

«ማን ይነግረኛል? ዛሬ እጅሽ ቅጠል ማንሳት አቅቶታል።»

እጄን አየሁት። ቅርጫቱ ሥር ደበቅሁት።

ሽሪጃ በላች። እንዴት እንደበላች! ጎኗ ከተቀመጠችው ሴት ጋር ወዲያው ወዳጅ ሆነው ስለ ስሞች ያወራሉ፤ ሆዷን ይዛ «ይኸው ረገጠኝ፣ ፓያሳሙን ወደደው» ትላለች። እኔ ሌላኛው ሰልፍ ላይ ቅጠል እያነሳሁ በአንድ ዓይኔ እሷን፣ በአንድ ዓይኔ ጥጓን ነበር የማየው። ከጀርባዋ ቆማ ወንበሩን የምትጠብቅ አንዲት ወፍራም ሴት ነበረች፤ የወንበሩን መደገፊያ እንደ ንብረቷ ይዛዋለች።

ከዚያ ያቺ ሴት «ውይ!» አለች። እጇንም ከወንበሩ ላይ እንደ ጋለ ብረት አነሳችው።

ሽሪጃ ቅጠሏን ወደ ውጭ አጥፋው ነበር። ክፋት አልነበረባትም፣ ሳታስብ ነው። ከጥቂት ቀናት በፊት በአያቲቱ የሙታን ምሳ ላይ ያደረገችውን እጇ ደገመው። ስታጥፈው ለጎረቤቷ እያወራች ነበር። ቀና ስትል ሰልፉ ሁሉ እሷን ያያል። መጀመሪያ ፈገግ አለች። ከዚያ ወደ ቅጠሉ ተመለከተች።

«እማ» አለች።

በይው ሁሉ እጁን ከቅጠሉ ላይ አነሳ። ሴቱ እየሮጠ መጣ። «አንሺው ሊላ! ምን ትጠብቂያለሽ፣ ቶሎ አንሺው!»

«እንዳትነኪው!»

ይሄ ከጥጓ ነው የመጣው። እትዬ ሳራሳማ ቆመዋል። ዣንጥላውን ወንበሩ ላይ ትተው፣ በሰልፎቹ መሐል፣ ማንንም ሳያዩ መጡ። ቅጠሉ ታጥፎ ሳለ ከገበታው ከተነሳ ያለቀ ነገር ነው፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ያዙልኝ የሚሉ መሰለኝ። አፋቸውን በእጄ ልዘጋው አስቤ ነበር፤ በእግዜር ፊት እናገራለሁ፣ አስቤ ነበር።

«ተነሺ ልጄ» አሏት ሽሪጃን። ድምፃቸው ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ነው። «ቦታዬ ላይ ነሽ።»

ሽሪጃ ሆዷን ይዛ ተነሳች። እትዬ ሳራሳማ በወንበሯ ተቀመጡ። የታጠፈውን ቅጠል በሁለት እጃቸው ከፈቱት። ውስጡ የተረፈ አንድ ጭብጥ ሩዝ፣ የተነከሰች ግማሽ ሙዝ፣ በጣት የተጠረገ ፓያሳም አለ። የሰው ከንፈር የነካው ብርጭቆ የማይነኩት ሴት፣ የልጄን ትራፊ መብላት ጀመሩ። ሩዙን በጣታቸው ሰበሰቡት። ሙዟን ልጄ ከነከሰችበት በኩል ነከሱ። ከጀርባ ያለችው ወፍራም ሴት ፊቷን በልብሷ ሸፈነች።

«እርጎ» አሉ ቀና ሳይሉ። የእኛ ምግብ የሚዘጋው በእርጎ ነው። አፑ ራሱ ከወጥ ቤት ይዞ መጣ፤ መዳፋቸው ላይ አፈሰሰላቸው። ጠጡ። ቅጠሉ ላይ ምንም አልቀረም።

«ይሄ የማን ቅጠል ነው?» አሉ።

ሰልፉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«ሊላ። አንቺን ነው። ቅጠል አንሺዋ አንቺ ነሽ። የማን ቅጠል ነው?»

ምን እየጠየቁኝ እንደሆነ ገብቶኛል። ምን እየሰጡኝ እንደሆነም ገብቶኛል። ልጄ ከጀርባዬ ቆማለች፤ ትንፋሿ አንገቴን ይነካኛል።

«የእርስዎ ነው፣ እትዬ» አልኩ። እናት ነኝ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። የታችኛውን ግማሽ ይዘው በዝግታ፣ ወደ ውጭ፣ ከራሳቸው አርቀው አጠፉት። በመዳፋቸውም ተጫኑት። «አሁን አንሺው» አሉ። እጃቸውን ታጠቡ፣ ዣንጥላቸውን ይዘው ወጡ። ፀሐዩም ዝናቡም ገና አብረው ነበሩ።

ቅጠሎቹን ከጓሮ ላሞች ይበሉታል። የዚያን ቀን ቅርጫቱን ስገለብጥ አንዷ ላም ሌላውን ሁሉ በላች። አንዱን ግን አሸተተችና ራሷን አዞረች። ለማንም አልተናገርኩም። ቀበርኩት።

ከዚያ ወዲያ እትዬ ሳራሳማ ወደ ቻንድሪካ አልመጡም። ሽሪጃ ለመውለጃዋ እኔ ቤት መጥታ ነበርና በየቀኑ በደጄ ያልፉ ነበር። አይገቡም። ከመንገድ ሆነው፦

«አለች?»

«አለች እትዬ።»

«በልታለች?»

«በልታለች። ይግቡ እንጂ፣ ሻይ ይጠጡ።»

«የለም፣ የለም።» ይሄዳሉ። የናስ ድስቶቻቸውን ለጎረቤት እንዳከፋፈሉ ሰማሁ። ፍየላቸውን ሸጠዋል። በዚያ ሰሞን ለማንም «ያዙልኝ» አላሉም። ከተማው ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ሰዉ ግን ምን ነክቷቸው ነው እያለ ይንሾካሾክ ጀመር። ቲኬት ቆራጩ እንኳን አውቶቡሱን አቁሞ «እማማ፣ ለእኔ ምንም የለዎትም?» ብሏቸው ነበር አሉ። «ደህና ነህ፣ ሂድ» ብለውታል። ደህና ነህ ስላሉት ለቀናት እንቅልፍ አጥቶ ሰነበተ።

ምጡ የመጣው በጥቅምት፣ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ በሚመላለስበት ወር ነው። ሕፃኗ ወጣች፤ አለቀሰችም። የልጄ ደም ግን አልቆም አለ። ሐኪሟ ወጥታ ጓንቷን ሳታወልቅ «የምንችለውን እያደረግን ነው፣ ጸልዩ» አለችን። አማቼ፣ የሽሪጃ ባል፣ ኮሪደሩ ላይ መሬት ተቀመጠ። መብረቁ የሆስፒታሉን ጣሪያ ያነቃንቀዋል፤ መብራት ጠፋ። በዚያ ጨለማ የጸለይኩት ወደ የትኛው አምላክ እንደሆነ አላውቅም። መብራቱ ሲመለስ ነርሷ በሩን ከፈተች።

«ቆመ» አለች። «በቃ ቆመ።» እሷ ራሷ ገርሟት ነበር።

ውኃ ልቀዳ ወደ ታች ወረድኩ። በበሩ አንድ ባለ ባጃጅ በዝናብ ርሶ አንዲት አሮጊት ታቅፎ ሲገባ አየሁ። ልብስ ማጠቢያ ድንጋያቸው ላይ ወድቀው ጎረቤት ያገኛቸው እትዬ ሳራሳማ ናቸው። የልጄ ደም በቆመበት ሰዓት ነበር ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ። ሰዓት አላየሁም። ዓይናቸው ተገልጧል። አዩኝ። ከንፈራቸው ሊንቀሳቀስ ሞከረ፤ እምቢ አለ። ጎንበስ አልኩ።

«አለች እትዬ» አልኳቸው። «ሁለቱም አሉ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሐኪሞቹ የደም ግፊት ነው፣ ጭንቅላት ውስጥ ደም ፈሷል አሉ። ሰውነታቸው ትንሽ በትንሽ ይመለሳል፤ ንግግር ግን አይመለስም አሉ። ከአምስተኛ ክፍል የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ከሐኪም ጋር አልከራከርም። ሴቱም አጋጣሚ ነው ይላል። ይህን ሲል ግን ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ በዙሪያውም ይመለከታል። አንድ የወንድማቸው ልጅ ነበራቸው፤ መጣ፣ አየ፣ ሥራ አለብኝ ብሎ ተመለሰ። እኔም ባጃጅ ጠርቼ ወደ ቤቴ ወሰድኳቸው። አልጋውን ያነጠፈው አማቼ ነው።

ዘንድሮ ኦናም በቻንድሪካ ሰላም ነበር። ማንም ማንንም አላስደነገጠም። ሁለት ልጆች ቅጠላቸውን ወደ ውጭ አጠፉ፤ አባታቸው ሳቀ፤ እኔ አነሳሁት። ሴቱ «አየሽ፣ እንዲህ ነው ድግስ!» አለኝ። ግን ወደ መንገዱ ጫፍ ሲመለከት ነው የዋለው። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ቆሞ እየጠበቀ የጥጓ ወንበር ላይ ማንም አልተቀመጠም። አፑ የዚያን ቀን ፓያሳም አልጣፈጠም ብሎ ሦስት ጊዜ ስኳር ጨመረ።

ከሥራ ስመለስ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ የከተማውን ወሬ አወራላቸዋለሁ፦ ማን ወለደ፣ ማን ቤት ሠራ፣ የትኛው ባቡር ዘገየ። ክፉ ክፉውን እዘለዋለሁ። ስዘል ያውቁብኛል፤ የማጎርሳቸውን ማንኪያ ይገፉታል። የልጅ ልጄ አሁን ትድሃለች፤ የነጭ ልብሳቸውን ጠርዝ ይዛ ለመቆም ትሞክራለች፤ ደህናው እጃቸው ከጭንቅላቷ ላይ አይነሳም። አንዳንዴ በጠራራ ፀሐይ፣ ማንም በሌለበት፣ ዓይናቸውን ወደ ደጁ ይተክሉና ያንን እጅ አንስተው በሩን ያሳዩኛል። ማን አለ ብዬ አልጠይቅም። ሕፃኗን አነሳለሁ፤ በሩን እዘጋለሁ፤ እጃቸው እስኪወርድ ድረስ አልከፍተውም። ከዚህ በፊት በልጄ ነገር ያመንኩት ሰው አልነበረም፤ ባሌንም ጭምር። እሳቸውን አምናለሁ።

እትዬ ሳራሳማ አሁን እኛ ቤት፣ ከጓዳው ቀጥሎ ባለችው ክፍል፣ በመስኮቱ ሥር አልጋ ላይ ናቸው።